የባሌ ጉርጥ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚጓዝ መንገደኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ብርዳሙን የሳነቴን አምባ ያቋርጥና በአስታው መካከል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ዐይኑ ቀይ ቀበሮ ሲፈልግ፣ በነዚህ ተራሮች ርጥብ ሣር ውስጥ የምትኖረውን ትንሽ ጉርጥ አያያትም።

ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው እንቁራሪት በብዛት ዕንቁላሏን በውሃ ውስጥ ትጥላለች። ይህች የባሌ ጉርጥ ግን በምድር ላይ ትጥላለች፤ እጮቿም ኩሬ ሳያዩ የዕንቁላሉን አስኳል ስንቅ አድርገው ያድጋሉ። ኩሬ የሚሆንላቸው የሣሩ ርጥበት ነው። ዛፉ ሲመነጠር፣ ከብትም ምንጩን ሲረግጠው ያ ርጥበት ይጠፋል። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ሌላዪቱ ጉርጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ከታየች በኋላ ለብዙ ዓመት ብትፈለግ አልተገኘችም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ክብሩ ለቀበሮውና ለደጋ አጋዘኑ ብቻ አይምሰለን፤ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሣሩንም ይመልከት።