የአሻንጉሊቱ እጅና የሰው ሐቅ

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ አሻንጉሊት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ደረሳ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሮቦት መጫወቻ ሲጽፍ ብታዩ «ኡስታዝ ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ነገሩ ከመጫወቻው ይጀምራል እንጂ እዚያው አያልቅም።

ባለፈው ዓረፋ ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ መጣ። ወንድም ጋሼ ከቤታችን የወጣው በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ በወሎ ረሃብ ዘመን ነው። እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ገና አራት ዓመቴ ነበር። አጎታችን እጁን ይዞት ወደ ሱዳን ወጣ፤ ከዚያም ከሌሎች ስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዛሬ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ነው።

ለእናታችን ሻሽ፣ ለልጆቹ ልብስና ጫማ አከፋፈለ። ከሻንጣው ግርጌ ግን በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ካርቶን ብቅ አለ። በካርቶኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሮቦት ተሥሏል። ልጆቹ እየተጋፉ ሲከቡት ወንድም ጋሼ ካርቶኑን ወደ ደረቱ አስጠጋና፣ «ይህ የእኔ ነው፤ እንዳትነኩት» አለ።

እኔም በጎረቤትና በሽማግሌዎች ፊት ዋጋውን ጠየቅኩት። ነገረኝ፤ የአንድ ወር ደመወዜን የሚያክል ነው። ያን ጊዜ ምላሴን መግታት አቃተኝ። ስለ አባካኞች የወረደውን አንቀጽ ጠቅሼ፣ ሽበት ያወጣ ሰው ልጅ ከልክሎ በአሻንጉሊት መጫወቱን ነቀፍኩ። እንግዶቹ ሳቁ። ወንድም ጋሼ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ካርቶኑን መልሶ በፎጣው ጠቀለለው። እኔ በጎ ያዘዝኩ፣ ከመጥፎ የከለከልኩ መስሎኝ ነበር።

ከዒሻእ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ «አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንውጣ» አለኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን ከፈተው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጫወቻው ኦፕቲመስ ፕራይም ይባላል። ሲዘጋ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የሆነ ቀይ የጭነት መኪና ነው። ከበስተኋላው ብርማ ተሳቢ ይጎትታል። ጎማዎቹ እውነተኛ ላስቲክ ናቸው። አካሉ ከፊሉ ብረት ከፊሉ ፕላስቲክ በመሆኑ በእጅ ሲይዙት ክብደት አለው። ተሳቢውን ፈትቶ መኪናውን ሲያቆሙት ጋቢናው ደረት፣ የኋላው ክፍል እግር ይሆናል፤ ራሱ ከውስጥ ብቅ ይላል። እጆቹ ግን ከአካሉ ጋር አልተያያዙም። የተጨበጡ ሁለት ሰማያዊ እጆች ለብቻቸው ይቀመጡና መጨረሻ ላይ በክንዱ ቀዳዳ ይሰካሉ። ተሳቢውም ሲከፈት አንዲት ትንሽ መኪና በሞላ ኃይል ታስወነጭፋለች።

ጉድለቱንም ልናገር። ቆሞ ሲታይ ግርማ አለው፤ ነገር ግን እንደ ዛሬዎቹ አይተጣጠፍም። እግሩን አራምዶ ማቆም አይቻልም። ከሁሉ የሚከፋው እነዚያ እጆች ናቸው፤ ጥቃቅን በመሆናቸው ለመጥፋት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ሕፃን ባለበት ቤትም ወደ አፍ የሚገቡ ናቸውና ጥንቃቄ ይሻሉ።

ወንድም ጋሼ ታሪኩን ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ መጫወቻ መጀመሪያ የተሠራው በጃፓን ነው። ታካራ የተባለው ኩባንያ ዳያክሎን በሚል ስም ሲያወጣው ሮቦቱ ማሽን ብቻ ነበር፤ የሚነዱት እግራቸው ማግኔት ያለው ጣት የማያህሉ ትንንሽ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እነዚህን መጫወቻዎች ወስዶ ትራንስፎርመርስ ብሎ ሰየማቸው። ነጂዎቹን አስወጣ፤ ለማሽኖቹም ስም፣ ጠባይና ታሪክ ጻፈላቸው። የሮቦቱ ደረት ላይ ያሉት መስኮቶች ዛሬም ይከፈታሉ፤ ውስጡ ግን ማንም የለም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ማስታወቂያ ላይ የነበረውን ገደብ አንስቶ ነበር። ስለዚህ ልጆች በየቀኑ የሚያዩት የካርቱን ፊልም ራሱ የመጫወቻው ማስታወቂያ ሆነ። ይህን ወላጆች ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የሲኒማ ፊልም ደግሞ አዳዲስ መጫወቻዎች ቦታ እንዲያገኙ ኦፕቲመስ ፕራይም እንዲሞት ተደረገ። ልጆች በሲኒማ ቤት አለቀሱ፤ ወላጆች ቅሬታቸውን ጻፉ፤ በ1987 ተመልሶ እንዲመጣ ተደረገ። ድምፁን የሰጠው ፒተር ከለን የተባለው ተዋናይ፣ ያንን ረጋ ያለ አነጋገር የቀዳው ቬትናም ዘምቶ ከተመለሰ ወንድሙ እንደሆነ ተናግሯል።

እነዚያ ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ናቸው፤ ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። የድሮውን ቅርጽ ከነካርቶኑ ደጋግመው አውጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለአሜሪካ ገበያ ሲያወጡት ለልጆች ደኅንነት ሲባል የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን አሳጥረዋቸው ነበር። በ2003 ማስተርፒስ በሚል ስም ለሰብሳቢዎች የተራቀቀ ሥራ ጀመሩ፤ በ2024 ደግሞ ሚሲንግ ሊንክ በሚል ስም የድሮ መልኩን ሳይለቅ መገጣጠሚያ የጨመሩበትን አወጡ። የወንድም ጋሼ ግን የድሮው ዓይነት፣ እጆቹ የሚነቀሉት ነው። «ለምን አዲሱን አልገዛህም?» አልኩት።

መልስ ሳይሰጠኝ ከኪሱ አንዲት ጨርቅ አወጣና ፈታት። በውስጧ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ሰማያዊ እጅ አለች።

«አሁን እንደ ታናሽ ወንድሜ ሳይሆን እንደ ኡስታዝ ስማኝ» አለኝ። በሕይወቴ ኡስታዝ ብሎኝ አያውቅም።

አሜሪካ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት አጎታችን መኪና ማቆሚያ ቦታ ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር። መጫወቻ መጠየቅ ይቅርና ጓንት እንኳ አልነበረውም። በትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ይህን ሮቦት ይዞ መጣ። ቋንቋ የማይችለውን ጥቁር ልጅ ሌሎቹ ሲሸሹት፣ ያ ልጅ ብቻ መጫወቻውን እንዲይዝ ሰጠው። ወንድም ጋሼም ሲያገላብጠው አንዷ እጅ ተነቅላ መዳፉ ላይ ቀረች። ጨብጦ ኪሱ ከተታት።

«ልጁ እያለቀሰ በረዶውን ሲጭር፣ እኔም አብሬው ተንበርክኬ ጫርኩ» አለኝ። «እጇ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን ዐይኑን ማየት ስላፈርኩ ጓደኝነቱንም ተውኩት። በየቤቱ ስዘዋወር ስንት ዕቃ ጠፍቶብኛል፤ ይህች ግን አልጠፋችም። ሮቦቱን የገዛሁት ልጫወትበት አይደለም። ልጁን ባገኘው ሙሉውን ልሰጠው ነው። እስካሁን ግን ለመፈለግ ድፍረት አጣሁ። አንተ ቀን ላይ በሰው ፊት ስትናገረኝ፣ ይህን ያወቅህብኝ መስሎኝ ነበር።»

ውድ አንባቢያን፣ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ሰው ያመጣውን ካርቶን አይቼ በልቡ ያለውን ሳልጠይቅ ፈርጄበት ነበር። መካሪ ሰው ምክሩን በጆሮ እንዲናገር ደረሳዎቼን አስተምራለሁ፤ እኔ ግን ታላቄን በአደባባይ አሳፈርኩት። ጉልበቱን ይዤ ዐውፍ እንዲለኝ ለመንኩት። «አንተ የኔን ጥያቄ መልስልኝ እንጂ» አለኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። ሕፃን ልጅ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ኃጢአት አይጻፍበትም። ነገር ግን ዑለሞቻችን እንዳስተማሩን የገንዘብ ሐቅ በልጅነት አይፈርስም፤ ሕፃን ያጠፋው የሰው ንብረት ይከፈላል። ካደገ በኋላ ደግሞ አውቆ በእጁ ማቆየቱ የራሱ ተጠያቂነት ነው። ባለቤቱ ሙስሊም ሆነ አልሆነ ሐቅ ሐቅ ነው። ዕቃው ካለ ዕቃው ይመለሳል፤ ከሌለ ዋጋው። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይሰጣል። ተፈልጎ ከጠፋ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ዑለሞች እንዳሉት፣ በእሱ ስም ሰደቃ ይሰጥለታል። «አንተ ግን ገና አልፈለግኸውም፤ ስለዚህ ሰደቃው ፍለጋውን አይተካውም» አልኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ጨርቋን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሳት።

በተመለሰ በሦስተኛው ወር ስልክ ደወለልኝ። የልጁን ስም አልረሳም ነበርና አግኝቶታል። ሰውየው መጀመሪያ ስቆ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያም፣ አባቱ ዕቃ አትጠብቅም ብሎ በዚያች ምሽት እንደገረፈው፣ መጫወቻ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መሄድንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተከለከለ ነገረው። ወንድም ጋሼ ስለ እጇ ብቻ ይቅርታ ሊጠይቅ ደውሎ፣ ስለማያውቀው ግርፋትም ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየውም ይቅር አለው። አዲሱን ሮቦት ልላክልህ ሲለው አልፈልግም አለ። «ያችን እጅ ግን በፖስታ ላክልኝ» አለው።

እናንተ ወላጆች፣ ከዚህ የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ። ልጅ ትንሽ ነገር ሲወስድ «ምን አላት፣ ቁራጭ ፕላስቲክ ናት» አንበል። አብረነው ሄደን፣ እጁን ይዘን፣ በሞቀበት እናስመልሰው። እነሆ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ነገር ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ሸክም ሆናለች። የልጅ ዕቃ ጠፋ ብለን ስንገርፍም ቆም እንበል፤ ምናልባት ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል።

መጫወቻ ራሱ ይፈቀዳል ወይ ለምትሉኝ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ከአሻንጉሊቶቿም መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምንነቱን ሲጠይቋት፣ የነቢዩላህ ሱለይማንን ባለ ክንፍ ፈረሶች አልሰሙም ወይ ብትላቸው የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀዋል። ክንፍ ያለውን ፈረስ አይተው ልጅን ካልነቀፉ፣ ሮቦት የሚሆነውን መኪና ብዙዎቹ ዑለሞች ለልጅ ጨዋታ ቢፈቅዱት አያስገርምም። በመደርደሪያ አሰልፎ መኩራራትና ለእሱ ሲሉ የቤትን ሐቅ ማጉደል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሮቦቱስ? ወንድም ጋሼ በስልክ፣ «ካርቶኑን ቀድደህ ለልጅህ ስጠው» አለኝ። ሰጠሁት። ልጄ በሁለተኛው ቀን አንዷን እጅ ግቢ ውስጥ ጣላት፤ እሱና የጎረቤት ልጆች አፈሩን እየጫሩ ይፈልጉ ጀመር። ደረሳዎቼን አሰናብቼ ስመጣ አየኋቸው። ማን ወሰዳት ብዬ አልጠየቅኩም። ጀለቢያዬን ሰብስቤ አጠገባቸው ተንበረከክኩና አብሬያቸው ፈለግኩ። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቆጡ ሥር አገኘናት።

አላህ የሰው ሐቅ በላያችን ሳለ ከመሞት ይጠብቀን፤ የበደልናቸውንም ፈልገን የምናገኝበት ዕድሜ ይስጠን። አሚን።