ከረሜላው አይደለም

በኮሮና ጊዜ አፋችን ላይ የገባ አንድ አባባል እስካሁን አልለቀቀንም፤ «በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል» የሚለው። ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ማሩም፣ በየሱቁ የሚሸጠው ዱቄትም በዚሁ ስም ይወደሳል። ዝንጅብል በሻይ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየሁት ሕመም ሁሉ ከአቅም ማነስ የመጣ አልነበረም። የገዛ መከላከያው በራሱ አካል ላይ በርትቶበት አልጋ ላይ የዋለም ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ብርታቱ ሳይሆን ስለ ዝምታው ነው።

ተማሪ ሳለን ነጭ የደም ሴሎችን በወታደር መስለው ነበር ያስተማሩን። ከነዚህ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት መቅኔ ውስጥ ተወልደው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ያድጋሉ። ስማቸውም የመጣው ከዚችው ዕጢ ነው። ታይመስ ጥብቅ ትምህርት ቤት ናት። ከሚገቡት አብዛኞቹ ሳይመረቁ እዚያው ይሞታሉ፤ ምንም መለየት የማይችሉትም፣ የራስን አካል እንደ ጠላት አጥብቀው የሚይዙትም። ይሁን እንጂ ከወንፊቱ የሚያመልጡ አሉ። የገዛ አካላችንን ሊያጠቁ የሚችሉ ሴሎች በእኔም፣ ይህን በሚያነቡት በእርስዎም ደም ውስጥ ይዞራሉ። ታዲያ ለምን ሁላችንም አልታመምንም?

አንድ ቲ ሴል ለመነሣት ሁለት ምልክት ይፈልጋል። አንደኛው፣ የሚለየውን ነገር ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ነገር የሚያሳየው ሌላ ሴል «አደጋ አለ» ብሎ ሲያረጋግጥለት ነው፤ ይህም ባብዛኛው ጀርም ሲገባ ወይም ሰውነት ሲጎዳ የሚመጣ ነው። የግቢ ዘበኛ አስቡ። አንድ ሰው በበሩ ሲያልፍ አየ፤ ከቤት ግን ኡኡታ አልሰማም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን ማንም ይገምታል። የማይገመተው ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ማርክ ጄንኪንስና ሮናልድ ሽዋርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ ያገኘ ቲ ሴል ለዚያች ቅጽበት ብቻ አይደለም ዝም የሚለው። በሌላ ቀን ሁለቱም ምልክቶች ተሟልተው ቢመጡ እንኳ አይነሣም። ለመባዛት የሚያስፈልገውን ኢንተርሉኪን 2 የተባለ ንጥረ ነገር ማምረት ያቅተዋል። አልሞተም፤ ደንዝዟል። አነርጂ ይሉታል።

በዚህ ላይ ሌሎቹን የሚያረጋጉ፣ ሽማግሌዎች ልበላቸው፣ ቲ ሴሎችም አሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳዩት እነዚህን ነበር፤ በ2025 ከሜሪ ብሩንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም በዚሁ ጉዳይ ነው። የነዚህ ሴሎች ጂን ተበላሽቶ የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት አሉ። ብዙዎቹን ገና በጨቅላነታቸው ከሚይዟቸው ሕመሞች አንዱ የስኳር በሽታ ነው።

ስኳር ካልኩ አይቀር ወደ ሰፈሬ ልመለስ። አንዲት ጎረቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ውኃ አልጠግብ አለች፤ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረች፤ ከሳች። መጀመሪያ ወስፋት ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። ማስመለስ ጀምራ ትንፋሿ ፈጠን ጠለቅ ሲል ሐኪም ቤት ተወሰደችና ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ መሆኑ ታወቀ። ተርፋ ቤት ስትገባ አያትየዋ ፍርዳቸውን ጨርሰው ጠበቁ፦ «ከረሜላ ነው፤ እናቷ ናት በከረሜላ የገደለቻት።» እናትየው ማታ እኔ ዘንድ መጥታ «ሲስተር፣ እውነት እኔ ነኝ ያሳመምኳት?» አለችኝ።

የለም ልጄ፣ አልኳት። የልጅሽ ቲ ሴሎች ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች አጠቁ። ደንዝዘው መኖር የነበረባቸው ነቅተው፣ ሽማግሌዎቹም ማስቆም ተስኗቸው ነው። ጥቃቱ የሚጀምረው ጥማቱ ከመታየቱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቀድሞ ነው። የልደቱ ከረሜላ ሲመጣ ቤቱ ሲነድ ከርሟል። ግርግሩን የሚያመጣው ስሙ ይመስለኛል። በብዛት አዋቂዎችን የሚይዘው፣ ከክብደትና ከአኗኗር ጋር የሚያያዘው ዓይነት ሁለትም ያው «ስኳር» ስለሚባል የአንዱ ወቀሳ በሌላው ላይ ይለጠፋል። ምጥን ያለውን አመጋገብ ሐኪሙ ይነግርሻል፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሽም።

በሦስተኛው ወር ደግሞ ፊቷ ፈክቶ መጣች። የልጅቱ ስኳር ወርዷል፣ ሐኪሙም ኢንሱሊኑን ቀንሶላታል። አያትየዋ «ጠበሉ ፈወሳት፣ መርፌው ይብቃ» ብለዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ከመጀመሪያው ዜና ይልቅ ይኼኛው ነው። መርፌው ሲጀመር የተረፉት ጥቂት ሴሎች ፋታ አግኝተው ለወራት መሥራት ይጀምራሉ። ሐኪሞች የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ፈውስ ግን አይደለም፤ ጥቃቱ አልቆመም። በዚህ ጊዜ መርፌ የተቋረጠባቸው ልጆች ኮማ ውስጥ ገብተው ሲመጡ አይቻለሁ፤ ያልተመለሱም አሉ። ጠበሉን ትጠጣ፣ ትጠመቅ፤ መጠኑን የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው፣ መርፌውም አይቋረጥ አልኳት። አያትየዋ ቤት ድረስ ሄጄም ቡና እየጠጣን ይህንኑ ደገምኩላቸው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 አሜሪካ ውስጥ ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ተፈቅዷል። ያኔ የተፈቀደው ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው፣ ጥቃቱ በደም ምርመራ ታይቶባቸው ገና ምልክት ላላሳዩ ሰዎች ነው፤ በደም ሥር ለ14 ቀናት ይሰጣል። በሽታውን በሁለት ዓመት ገደማ አዘግይቷል። አሠራሩ ነው ደስ የሚለኝ፤ አጥቂዎቹን ቲ ሴሎች መልሶ ወደ ድንዛዜ ይገፋቸዋል። ሁለት ዓመት ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ያለ መርፌ ሁለት የትምህርት ዘመን ነው። ለጎረቤቴ ልጅ አልፏታል፤ እሷ ኢንሱሊኗን ይዛ ትቀጥላለች። እናትየው ታናሽ ወንድሟንም ታያለች፤ ውኃ ሲያበዛ ወይም አልጋ ሲያረጥብ ወስፋት ነው ብላ ሳትጠብቅ ስኳሩን እንድታስለካ ነግሬያታለሁ።

ቤታቸው ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ ላይ በተደላደለ ሸክላ ውስጥ ነው። አሸዋውን ጧት ጧት ውኃ የሚያርከፈክፉት አያትየዋ ናቸው፤ ማንንም አያስነኩም። ከረሜላው ነው ማለታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልተዉም።