ብስክሌትን ከሌባ ስለ መጠበቅ

ብስክሌት ያለው ቤተ ሰብ እንደ በቅሎ ገብስ፣ እንደ አውቶሞቢልም ነዳጅ የማይጠይቅ አገልጋይ አለው። አባት ወደ ሥራው፣ ልጅም ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄድበታል፤ ከገበያ የተገዛውም ዕቃ ከኮርቻው በስተ ኋላ ታስሮ ይመጣበታል። እኛ በባሕር ዳር የምንኖር ሰዎች ከተማችን ሜዳ ስለ ሆነች የብስክሌትን ጥቅም ከብዙ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። እንግዲህ ብስክሌቱን ሌባ የወሰደበት ሰው ያጣው ብረትና ጎማ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ሰዓቱንና የልጁን ትምህርት ጭምር ነው እንጂ።

ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የተባለው ኢጣሊያዊ በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ይህን ነገር አይዘነጋውም። በሮማ ከተማ ሥራ ፈትቶ የኖረ አንድ አባት ማስታወቂያ በየግድግዳው የመለጠፍ ሥራ አገኘ። ሥራው ግን ያለ ብስክሌት የማይሠራ ስለ ሆነ፣ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎችን ሰጥታ በመያዣ ተይዞ የነበረውን ብስክሌት አስለቀቀችለት። ሥራ በጀመረበት ቀን ሌባ ወሰደበት። ከትንሽ ልጁ ጋራ ከተማውን ዞሮ ፈልጎ ባጣው ጊዜ፣ በመጨረሻ ራሱ የሰው ብስክሌት ሰርቆ ሊያመልጥ ሲል በልጁ ፊት ተያዘ። አንዱ ስርቆት ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ ከዚህ እንማራለን።

ሌባ በሚበዛበት ሰፈር ብስክሌትን ለመጠበቅ አስቀድሞ የሌባውን አሳብ ማወቅ ይገባል። ሌባ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ እርሱም የጊዜ መርዘምና የሰው ዐይን ነው። ስለዚህ የሚያደክመውን ትቶ ቶሎ የሚለቀቅለትን ይወስዳል። ከሽቦ የተገመደ ቀጭን ማሰሪያ በእጅ መቁረጫ በአንድ አፍታ ይበጠሳል፤ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈው ወፍራም የብረት ቁልፍ ወይም ጠንካራ ሰንሰለት ግን ብዙ ያለፋዋል። ሁለት ዓይነት ቁልፍ ቢደረግበት ደግሞ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይዞ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ይሁን እንጂ ፈጽሞ የማይከፈት ቁልፍ የለም። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አገር፣ የመክፈቻ ቀዳዳቸው ክብ የሆነ የታመኑ ቁልፎች በተራ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ ታይተው ብዙ ሰው ተደንቋል።

ቁልፉ መልካም ቢሆንም አስተሳሰሩ ካልሠመረ ከንቱ ነው። የፊት ጎማው ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ፣ ሌባው ጎማውን ፈትቶ ትቶ የቀረውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬም የሚባለውን ዋናውን ብረትና የኋላውን ጎማ አንድ አድርጎ ከማይነቀል ነገር ጋራ ማሰር ይገባል። ለጋ ዛፍ ይቆረጣል፤ ከአጭር ምሰሶም ላይ ብስክሌቱን ከነቁልፉ ወደ ላይ አንሥቶ ማውጣት ይቻላል። በቁልፉ ውስጥ የሚቀረው ባዶ ቦታ ባነሰ መጠን ሌባው የብረት ዘንግ አስገብቶ የሚጠመዝዝበት ያጣል። ቁልፉ መሬት የነካ እንደ ሆነም በመዶሻ ለመምታት ይመቻልና ከፍ ብሎ ይታሰር። ብስክሌቱ ብርሃን ባለበትና ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ይቁም፤ በመሸ ጊዜ ወደ ቤት ይግባ፤ በግቢ ውስጥም ቢሆን ይቆለፍ። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ስፍራ በታች ብዙውን ጊዜ ተቀርጾ የሚገኘውን ቁጥር በደብተር ጽፎ፣ ከደረሰኙና ከፎቶግራፉ ጋራ ማኖር ይገባል። የተሰረቀው በተገኘ ጊዜ፣ ጥቁር ብስክሌት ጠፋብኝ ማለት ብቻ ባለቤትነትን አያስረዳምና።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን ከቁልፍ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ጐልማሳ ወደ በራችን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ቸግሮኝ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ አልነበረም» ብሎ፣ መልካም ብስክሌት ከዋጋው ሩብ በማይሞላ ገንዘብ አቀረበልን። ትምህርት ቤቱ ሩቅ የሆነበት ታናሹ ልጄ ዐይኑ በብስክሌቱ ላይ ቀረ። ገልብጬ ብመለከተው ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ነበር፤ ደረሰኝ ብጠይቀውም የለውም። አልገዛሁትም፤ ነገሩንም ለፖሊስ አስታወቅሁ። ልጄ አኵርፎ፣ «አባባ፣ እኛ ባንገዛው ሌላ ሰው ይገዛው የለም ወይ?» አለኝ። እኔም፣ «ብስክሌቱ የማን የነበረ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ፣ «እንደ እኔ ያለ ልጅ ይሆናል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ብስክሌት አንሥቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬም በእግሩ ይሄዳል።

የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን፣ የስርቆት ዕቃ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት ሲገባው የተቀበለውንም ይቀጣል። ብስክሌት እጅግ በበዛበት በሆላንድ አገር፣ ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ቁጥሩን በመንግሥት መዝገብ መርምሮ፣ ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ማንም ቤተ ሰብ ቁጥሩን በመመልከትና ደረሰኝ በመጠየቅ በደጁ ሊጀምረው ይችላል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ለልጆቻችን ብስክሌት ስንገዛ ብርቱ ቁልፍ አብረን እንግዛ፤ አስተሳሰሩንም እናሳያቸው። ይልቁንም ከዋጋው በታች የሚሸጥ ዕቃ ባዩ ጊዜ ከየት እንደ መጣ እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ሌባ የሰረቀውን ብስክሌት ራሱ ሊነዳው አይወስደውም፤ የሚገዛው ሰው አለ ብሎ ነው እንጂ።