ዋናው ተዋናይ ማነው?

ቲያትር አይተን ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ዋናው ተዋናይ ማነው?» ብለን ነው። እሱ ከታወቀ የቀረው አጃቢ ነው። አሽከሩን፣ ቄሱን፣ ጎረቤቱን፣ ዕብዱን የተጫወተው ሰው ስሙ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈም ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። አሜሪካኖች በዚህ ሳይሻሉን አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1936 ከወጡ ፊልሞች ጀምሮ ለረዳት ተዋንያን ኦስካር ይሰጣሉ። የመጀመሪያውን የወሰደው ዋልተር ብሬናን የሚባል ሰው ነው፤ በ1938 እና በ1940 በሠራቸው ፊልሞች ደግሞ ደገመው፣ ሠለሰው። የታወቀው በጀግናና በአፍቃሪ ሳይሆን በሽማግሌና በአጃቢ ነበር።

የእኛ አገር ብሬናን ማነው ብባል እኔ ወጋየሁ ንጋቱን እጠራለሁ። መቼም ወጋየሁ መድረክ ላይ ዋና ሆኖ አልሠራም ማለቴ አይደለም። የኔ አገር ሰው ያወቀው ግን በሌላ መንገድ ስለሆነ ነው።

ሀገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈቱ ሁለቱም አዲስ አበባ ነበሩ። የነፋስ መውጫ፣ የወገዳ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው ቲያትር ቤትን በስም ካልሆነ በዓይኑ አያውቀውም። በደርግ ዘመን ግን ቲያትሩ ራሱ መጣለት፤ ያውም በሬዲዮ። ወጋየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ላይ ይተርከው ጀመር። ሬዲዮ ያለው ቤት ሰው ይሞላል። ድንጋዩ እየደከመ ድምፁ ሲሰለል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ያ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጎጃም ማለት ዓባይን ተሻግሮ ነው። ማንኩሳና ዲማ ሲባል ሰሚው ገበያውን፣ ደብሩን፣ ባላባቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ተራኪው ቢሳሳት ወዲያው ይነቃበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እንደ ከተማ ሰው ቢቆጡ ማን ይሰማቸዋል?

አንድ አጎቴ ነበሩ፤ እስቴ ነው ያረሱት። አንድ ቀን «ይህ ጉዱ ካሣ የሚሉት ሰውዬ አገሩ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፍ ላይ ያለ ሰው እንደሆነ፣ የሚናገረውም ወጋየሁ የሚባል ተዋናይ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ፊታውራሪውስ?»

«እሱም ወጋየሁ ነው።»

«ልጂቱስ፣ ሰብለ?»

«እሷም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ሲጣሉ እንዴት አይሳሳትም?» አሉ።

ስለ ትወና ብዙ ግምገማ አንብቤያለሁ። የአጎቴን ያህል የነካ አላጋጠመኝም። አንድ ሰው ጨቋኙንም ተጨቋኙንም ሲናገር ለማንኛቸውም ሳያዳላ መናገሩን ነው የገረማቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ወጋየሁ አይቀልድባቸውም፤ እውነት አለኝ ብለው እንደሚያምኑ አድርጎ ያናግራቸዋል። ጉዱ ካሣ ሲናገር ደግሞ አገሩ ዕብድ ያለው ሰው ከሁሉ ጤነኛ ሆኖ ይሰማል። በታሪኩ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ ከሬዲዮው ዙሪያ የተነሣ ሰው ግን ሲጨዋወት የሚጠቅሰው ጉዱ ካሣን ነው። የጎን ሰው የሚባለው መሀል የሚገባው እንዲህ የሚጫወተው ሲያገኝ ነው።

አሁን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ይህን ሁሉ የምንናገረው ድምፁ ስለተቀረጸ ነው። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሞባይል እየተሻገረ ዛሬም ይሰማል። መድረክ ላይ ያደረገው ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል፤ ያዩት ሰዎች ሲያልፉ ወሬውም ያልፋል። ወጋየሁ ቢያንስ ድምፁ ተረፈ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሽከርና ጎረቤት ሆነው የተጫወቱትስ? ብዙዎቹ ድምፃቸውም የለም። በሕይወት ያሉትን አስቀምጦ ማናገርና መቅዳት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ከዋናው ተዋናይ ወዲያ ያለውንም ሰው መቁጠር ነው።