ከነርሲንግ ክፍል አብዛኛው ሲወድቅ ውጤቱ የማን ነው?

በአንድ የነርሲንግ ክፍል ጥቂት ተማሪዎች ፈተና ሲወድቁ ጉዳዩ የእነርሱ ሆኖ ይቀራል፤ አብዛኛው ሲወድቅ ግን ውጤቱ ስለ ተማሪው የሚናገረው እያነሰ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ፈተናው የሚናገረው እየበዛ ይሄዳል። በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና፣ ማለትም የዲግሪ ተማሪ ኮርሶቹን ሲያጠናቅቅ የሚወስደውን አገር አቀፍ ፈተና፣ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ወይም 40.65 ከመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 ከመቶው ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 ከመቶው ብቻ ናቸው። እነዚህ አሃዞች የሁሉም የትምህርት መስኮች ድምር እንጂ የነርሲንግ ብቻ አይደሉም። ይሁን እንጂ የነርሲንግ ምሩቅ ከመውጫ ፈተናው በተጨማሪ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና ስለሚጠብቀው፣ ጉዳዩ እርሱን በእጥፍ ይመለከተዋል።

የጅምላ ውድቀት ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የዘመኑ ተማሪ አያነብም የሚለው ነው። ሁለተኛው ምላሽ ደግሞ ለሁሉም እኩል ማርክ መጨመር ወይም ውጤቱን ከርቭ ማድረግ ነው፤ ከርቭ ማለት የማለፊያውን ነጥብ ሊታወቅ ከሚገባው የእውቀት መጠን ሳይሆን ክፍሉ ካመጣው ውጤት ተነሥቶ መወሰን ነው። ለበሽተኛው የሚያስፈልገው መድኃኒት በትክክል የሚሰጥ ነርስ ስለሆነ፣ ነርሱ ከክፍል ጓደኞቹ መብለጡ ብቻ ምንም አይጠቅመውም። ተማሪውን መውቀስም ሆነ ማርክ መጨመር የሚጋሩት ጉድለት፣ ተፈታኞቹ በየጥያቄው የትኛውን አማራጭ እንደመረጡ ሳይታይ የሚወሰኑ መሆናቸው ነው።

በየትኛውም የነርሲንግ ክፍል የሚሰጥ አንድ የስሌት ጥያቄ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ለበሽተኛ 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጠው ታዟል፤ ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትርን በ20 ጠብታ ያወርዳል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ አለበት? 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል መልሱ ወደ 42 ጠብታ ይሆናል። የክፍሉ መልስ በአራቱ አማራጮች ላይ እኩል ከተበተነ ተማሪዎቹ በግምት እንደሞሉ፣ ምናልባትም ርዕሱ ጨርሶ እንዳልተነካ ያመለክታል። አብዛኛው 125ን ከመረጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ 125 በሰዓት የሚወርደው ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ክፍሉ ስሌቱን ጀምሮ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ሚሊ ሊትርን ወደ ጠብታ መቀየርንም ማንም አላስጨበጠውም ማለት ነው። የፍሰት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በሌለበትና ነርሱ ሰዓቱን እያየ ጠብታ በሚቆጥርበት ዋርድ ይህ ስሕተት ቢፈጸም፣ ለ8 ሰዓት የታዘዘው ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል፤ ለደከመ ልብ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። እዚህ ላይ 10 ማርክ መጨመር ስሕተቱን ከነርሱ ጋር ወደ ዋርዱ ማሳለፍ ነው፤ ተማሪውን ሰነፍ ብሎ ማለፍም ያልተማረውን ክፍል አያስተምረውም።

አንዳንድ ጊዜ ግን የወደቀው ጥያቄው ራሱ ነው። የምዘና ባለሙያዎች የመለየት አቅም የሚሉት መለኪያ በአጠቃላይ ውጤት የላቁትና ዝቅ ያሉት ተማሪዎች አንድን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱ ያነጻጽራል፤ ደካሞቹ አግኝተውት ጎበዞቹ ከሳቱት፣ የመልስ ቁልፉ መሳሳቱን ወይም ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ ሊመረመር ይገባል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በሁለት አሉታዎች የተቆላለፈ ዓረፍተ ነገር የነርሲንግ እውቀትን ሳይሆን የንባብ ፍጥነትን ሊለካ ይችላል። ይህን ምርመራ ለማድረግ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመልስ ወረቀቶቹና አንድ ከሰዓት ይበቃሉ። ስለዚህ መምህሩ ሳይመረምር ማርክ ሲጨምር ወይም ሲነፍግ ጊዜ አጣሁ የሚለው ምክንያት እምብዛም አያሳምንም።

ውጤቱን ከተማሪው ባሻገር የትምህርት ቤቱም አድርጎ የሚያይ አሠራር አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሲንግ በሚማሩባት አሜሪካ የየግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ የአንድ ትምህርት ቤት ምሩቃን በሙያ ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ሙከራቸው ያመጡትን ውጤት ይከታተላል፤ በብዙ ግዛቶች የሚያልፉት ከ80 ከመቶ በታች ሲሆኑ ትምህርት ቤቱ ማብራሪያና የማሻሻያ ዕቅድ ይጠየቃል። ውድቀቱ በተቋሙም ስም መመዝገቡ የሚመሰገን ቢሆንም ሥርዓቱ እንከን አልባ አይደለም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መቶኛቸው እንዳይወርድ ደካማ የመሰሏቸውን ተማሪዎች በውስጥ ፈተና ያስቀራሉ።

የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ እንደገና የመፈተን ዕድል አለው። ሆኖም በዚህ መካከል ዶርሙን ለቅቆ፣ ከሠርቶ ማሳያ ክፍሉና ከተለማመደበት ዋርድ ርቆ፣ የቤተሰቡን ጥያቄ እየመለሰ የሚያጠናው ብቻውን ነው። የትኛውን ርዕስ እንደሳተ የሚነግረው ከሌለ፣ ስሌቱን በተሳሳተ መንገድ የያዘ ተማሪ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ያጠናል፤ በሚቀጥለውም ፈተና 125ን በሙሉ ልብ ይመርጣል።