ዕቃችን ባሕሩን አይቷል፣ እኛ ግን ገና ነን



ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን መርካቶ ውስጥ በሰው ሱቅ እንሠራለን፤ አራተኛው ዕቃ የሚያከፋፍል አይሱዙ ይነዳል። ከልጅነታችን ጀምሮ ኮንቴይነር ሲራገፍ እያየን፣ ካርቶን እየተሸከምን አድገናል። ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ከምንሸጠው ጫማ፣ ጨርቅና ብርጭቆ አብዛኛው ያንን ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። የምንሸጠው ዕቃ ባሕር አይቷል። እኛ ሻጮቹ አላየንም።

ሐሳቡ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነበር። "መኪና ተከራይተን ለአንድ ሳምንት ባሕር ዳርቻ ብንሄድስ?" ተባለ። ተሳቀ። በማግስቱ ግን ማናችንም አልረሳነውም። ዛሬ ዕቅዱ አልቆ፣ ኢንሻአላህ ከጥምቀት በኋላ፣ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ልንወጣ ነው። ይህን የምንጽፈው እንደኛ የሚያስቡ ወንድምና እህቶች ካሉ እንዲጠቀሙበት ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር፦ ከመንገዱ ይልቅ የከበደን እርስ በርስ መነጋገሩ ነበር።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ዕጣ የማይወጣበት እቁብ ጀመርን፤ በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር፣ ለ40 ሳምንት። ሲያልቅ 160 ሺህ ብር ይሆናል ብለን አሰላን። ሦስት ወር ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ሹፌሩ ጓደኛችን ዝም ማለት ጀመረ። እሱ የሚከፈለው በጫነው ልክ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኪሱም ይቀዘቅዛል። ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ከዚያ ሦስተኛ። በመጨረሻ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሌላ ጊዜ" አለ። "እኛ እንሸፍንልሃለን" አልነው። "ተጋብዤ ባሕር አላይም" ብሎ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ጉዞው ሊፈርስ ነበር። ገንዘብ ያላቸው ሦስት ሰዎች አንድ ጓደኛቸውን ትተው ሽርሽር ቢሄዱ፣ ተመልሰው እንዴት አብረው ሻይ ይጠጣሉ? መፍትሔው የመጣው ከአከራዩ ዋጋ ዝርዝር ነው። መኪና ከነሹፌር ስትከራይ ለሹፌሩ በቀን የተለየ ክፍያ አለ። ከእኛ መካከል ደግሞ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ መሪው ላይ የሚቀመጥበትን ቀን በዚያው ዋጋ አስበን ከመዋጮው ላይ ቀነስንለት። በወረቀት ጽፈን አራታችንም ፈረምን። ያን ጊዜ ተቀበለ። ዋጋ ነውና ውለታ አልሆነበትም። ወዳጄ፣ ጓደኞችህ ውስጥ በድንገት ዝም ያለ ካለ፣ ጉዞው ሳይጀመር ጠይቀው። መንገድ ላይ የሚፈነዳ ኩርፊያ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ የታፈነ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ መኪናው። አከራዩ ሁለት ነገር ጠየቀን፦ መያዣ ገንዘብና ዋስ። መያዣውን ከእቁቡ እናወጣለን፤ ዋስ ግን ሰው ነው። የአንዳችን አጎት ሱቅ አላቸው፣ ሐጂ ናቸው፣ ሰፈሩ ያከብራቸዋል። ከአስር ሰላት በኋላ ሄደን ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ እንዲህ አሉን፦

"ልጆቼ፣ መኪናው ቢጋጭ ጋራዥ ይገባል። ስሜ ከተጋጨ ግን የሚጠግነው ጋራዥ መርካቶ ውስጥ የለም።"

ከዚያ አራት ነገር አስገቡን። ከመግሪብ በኋላ አትነዱም። ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው መሪ አይነካም። ከመካከላችሁ አንድ አሚር ትመርጣላችሁ፣ ስትጨቃጨቁ የእሱ ቃል ያበቃል። መኪናው ላይ ጭረት ከደረሰ፣ አከራዩ ሳያየው እናንተው ትነግሩታላችሁ። እሺ አልን። ፈረሙልን።

ሦስት ሆኖ መንገድ የሚወጣ ሰው አንዱን አሚር ማድረጉ የታወቀ ሱና ነው፤ እኛ ግን ስንሰማው የኖርነው እንደ ሥርዓት ብቻ ነበር። ስንመርጥ ነው ጥቅሙ የገባን። በጣም የሚያወራውን አልመረጥንም። ሹፌሩንም አልመረጥንም፤ የደከመ ሹፌር "አልደከመኝም" ሲል የሚያስቆመው ሌላ ሰው መሆን አለበትና። ሒሳብ የሚይዘውንና ትንሽ የሚናገረውን መረጥን።

ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። የሊብሬውን ኮፒ እዩ፤ የቦሎውን ጊዜ እዩ። የሶስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ እሱ ግን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የምታደርሱትን ጉዳት ነው። የመኪናው የራሱ ጉዳት በመድን መሸፈኑንና ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ክፍያ ማን እንደሚችል ጠይቁ። የሁለቱም ሹፌሮች ስም ውሉ ላይ ይስፈር። በቀን የኪሎ ሜትር ገደብ ካለ ይጻፍ። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አስወጥታችሁ እዩ።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ፦ መኪናው ድንበር ይሻገራል ወይ? በኮሜሳ አባል ሀገሮች መካከል የሚሠራ ቢጫ ካርድ የሚባል የመድን ሰነድ አለ፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም አሉበት። ግን ካርዱ ብቻ አይበቃም፤ የባለቤቱ ፈቃድና የጉምሩክ ወረቀት ያስፈልጋል። የእኛ አከራይ "መኪናዬ ከሀገር አይወጣም" አለ። ንብረቱ ነው፤ መብቱ ነው። ለሐጂም አደጋውን መጨመር አልፈለግንም። ስለዚህ ዕቅዱን ለሁለት ከፈልነው፤ እስከ ድሬዳዋ በመኪና፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር።

"ታዲያ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ለምን በባቡር አትሄዱም?" ትሉ ይሆናል። እኛም አስበንበታል። ባቡር ላይ ቁም ብለህ አትወርድም። እኛ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ፣ ከጭሮ በኋላ ያለውን የጨርጨር ተራራ፣ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቆም እያልን ማየት እንፈልጋለን። መኪናው ድሬዳዋ በሚቆምባቸው ቀናት ደግሞ ኪራዩ ግማሽ እንዲሆን ተከራከርን። መርካቶ አድጎ ዋጋ የማይከራከር የለም፤ ተስማማን። መኪናው የሚያድረው ጥበቃ ባለበት ግቢ ነው፤ ይህም ውሉ ላይ ተጽፏል።

ሳምንቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሱብሂ ሰግደን እንወጣለን፤ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለት ሹፌር ይፈራረቃል። መግሪብ ሳይደርስ ድሬዳዋ ካልገባን ጭሮ እናድራለን። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ነው የሚወስነው። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል መጀመሪያ የባቡሩን ቀን አረጋግጠን ነው የመኪናውን ቀን የቆረጥነው። እናንተም ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከእሱ በፊት የነበረው የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ሐዲድ ልጅ ናት።

ጅቡቲ ከደረስን በኋላ ለአንድ ቀን መኪና ከነሹፌሩ እንይዛለን። መንገዱ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ዳር ይዞ ይሄዳል። በመካከሉ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ የሚገኘው፣ የአፍሪካ ዝቅተኛ ቦታ የሆነው የአሳል ሐይቅ አለ፤ ዳርቻው ነጭ ጨው ነው። ከዚያ ታጁራ፣ የሰባት መስጂዶች ከተማ እየተባለች የምትጠራው ጥንታዊ የአፋር ከተማ። ወደ ሸዋ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይነሡ የነበረው ከዚያ ነው። አያቶቻችን በግመል የመጣላቸውን ጨው፣ እኛ በኮንቴይነር የመጣልንን ጫማ አስቡት፤ መንገዱ ያው ነው። ቀኑ ከገጠመልን ጁምዓን ታጁራ እንሰግዳለን። በመልሱ አንድ ቀን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፤ በሰባተኛው ቀን ቤት።

ወቅቱን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። ጅቡቲ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በእኛ ጥር ግን ይሻላል። ሱቅም ቢሆን ከበዓል ግርግር በፊት አንድ ሳምንት ፈቃድ መለመን ይቀላል። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ። የውጭ ምንዛሬ ከባንክ እንጂ ከመንገድ አትግዙ። ሰላት ማሳጠርና ማሰባሰብን በተመለከተ ከመስጂዳችሁ ኡስታዝ ጠይቁ፤ መኪና ውስጥ "እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው" እያሉ ከመከራከር ያድናል።

የመንገዱን ሰላም የምንጠይቀው እዚሁ መርካቶ ከሚራገፉ የጭነት መኪና ሹፌሮች ነው። ትናንት ያለፈበት ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ከመውጣታችን በፊት ባሉት ቀናት "አትሂዱ" ካሉን አንሄድም። ያን ጊዜ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በባቡር እንሄዳለን፤ ለዚህም ሲባል መያዣው እንዲመለስ ውሉ ላይ አስጽፈናል። አሚራችን ይህን ሲያስጽፍ አከራዩ ሳቀ፣ ከዚያ ግን ጻፈው።

አንዳንድ ታላላቆቻችን "ይህ ሁሉ ብር ውኃ ለማየት?" ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ 40 ሺህ ብር ለእኛ ትንሽ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው። ከ1,400 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ቁጥራቸው 20 እንኳ የማይሞላ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ወዲያ ማዶ ማን እንደሚቀበላቸው በዓይናቸው አላዩም ነበር። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ ውኃው ምን ያህል እንደሚሰፋ ግን አናውቅም። ቆመን ማየት እንፈልጋለን። ደግሞም ይህ ዕቅድ ገና ሳንሄድ የሰጠን ነገር አለ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ቃላችንን ጠብቀን፣ ዝም ያለውን ጠይቀን፣ የሰው ስም በአማና ተቀብለናል።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ የሐጂ ስም ነው። ኢንሻአላህ ጭረት ሳይነካው እንመልሰዋለን። አላህ መንገዱን ያግራልን፤ በዱዓችሁ አትርሱን።

ወሰላሙ አለይኩም።