ከደጅ የሚከበር ልደት

በአገራችን የልደትን ቀን ማክበር የቆየ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን የሚያከብሩት በስሙ ጽዋ የሚጠጡለትን የጻድቁን ወይም የሰማዕቱን ቀን እንጂ ከእናታቸው ማሕፀን የወጡበትን ቀን አልነበረም፤ ብዙዎቹም ቀኑን በትክክል አያውቁትም ነበር። ባለቤታችን ግን የልደቷን ቀን ልትረሳው ብትፈልግ እንኳ የሚያስረሳት አልተገኘም። የተወለደችው ግንቦት 1 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በልደታ ዕለት ነውና። እናቷ ሲነግሩን እንደ ሰማነው፣ ምጥ የያዛቸው ጎረቤቱ ሁሉ ከደጅ ወጥቶ የንፍሮ ድስት በጣደበት ሰዓት ነበር፤ አዋላጅ ሆነው የገቡትም ሴት እጃቸውን ታጥበው የገቡት ከንፍሮው ማዕድ ተነሥተው ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን እንደምታውቁት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ኢያቄምና ሐና በመካንነት ሲያዝኑና ሲነቀፉ ከኖሩ በኋላ እመቤታችንን የወለዷት ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ነው። ሕዝባችንም ይህን በማሰብ በልደታ ዕለት ከደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ቆርሶ በአንድነት ይበላል። እንግዲህ ከተጋባን ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን የሰፈራችን እናቶች ባለቤታችንን ከብበው፣ «የሐናን ማሕፀን የከፈተ አምላክ ያንቺንም ይክፈትልሽ» እያሉ ይመርቋታል። ምርቃቱ ከቅን ልብ የወጣ ነው፤ እኛም በዲቁና ያደግን ስለሆንን ምርቃትን አንንቅም። ነገር ግን አንድ ምርቃት ዐሥራ አምስት ዓመት ሲደጋገም ለተመራቂው ሰው የጎደለውን መቁጠሪያ ይሆንበታል። ስለዚህ ባለቤታችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በልደታ ማለዳ ራሷን እንዳመማት ተናግራ በር ዘግታ መዋል ጀምራ ነበር።

የተጋባነው በጥር 2003 ዓ.ም. ነው። ልጅ ሲዘገይ ሁሉም ሰው የተመለከተው ወደ እርሷ ነበር። ጠበል የተጠመቀችው እርሷ፣ ጻድቃኔ ማርያም ድረስ የሄደችው እርሷ፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችው እርሷ፣ የሐኪም ቤት ደጅ የጠናችውም እርሷ ናት። ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ፣ በስለት የተገኙ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ሲመጡ ቆማ አይታለች። እኛ ግን «ከእኛ ዘንድ ምን ሊገኝ ነው» ብለን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለምርመራ አልቀረብንም። በቤተ ክርስቲያንም በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ተምረን፣ ሌላውን የምናስተምር ሆነን ሳለ ይህን ማድረጋችን ዛሬ ያሳፍረናል። በመጨረሻ በተመረመርን ጊዜ ምክንያቱ በከፊል ከእኛው፣ ይህን ከሚጽፈው ሰው፣ ዘንድ ተገኘ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት መካንነት ከባል ወይም ከሚስት ወይም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል። ስለዚህ ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው ሊመረመሩ ይገባቸዋል እንላለን፤ ይህን የምንለውም ሳናደርገው ቀርተን ስለ ተጸጸትን ነው።

ጽንስን ከማሕፀን ውጭ የማስጀመር ሕክምና የመጀመሪያ ፍሬውን ያሳየው በሐምሌ 1970 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን በተወለደች ጊዜ ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። እኛ የታከምነው በሌላ ስፍራ ነው፤ ሥርዐቱ ግን በየትም ቢሆን ተመሳሳይ ነው። ሚስት ለዐሥር ቀን ያህል በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት መርፌ ትወጋለች፤ ዕንቁላሎቹ ሲደርሱ ሐኪሙ ያወጣቸዋል፤ በቤተ ሙከራ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካደጉም በኋላ ወደ ማሕፀን ይመለሳሉ። ከዚያ የሚቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ ደምን መመርመር ነው። ያቺ ሁለት ሳምንት ለእኛ ከዐቢይ ጾም ትረዝም ነበር። መድኃኒቱ በማቀዝቀዣችን ውስጥ ከቅቤው ጣሳ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ የመርፌውን ሰዓት ባለቤታችን በተማሪ ደብተር ላይ እያሰመረች ትጽፈው ነበር። በ2013፣ በ2014 እና በ2016 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ሞከርን። በሁለተኛው ጊዜ ጽንስ ተገኝቶ በሰባተኛው ሳምንት ወረደ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ስለ አራተኛው ሙከራ ልንማከር በተቀመጥን ጊዜ፣ ሐኪሙ የሴት ዕንቁላል ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በቁጥርም በጥራትም ይልቁን እየቀነሰ እንደሚሄድ በትሕትና አስረዱን። ከዚያ ወጥተን ታክሲ እስክንሳፈር ድረስ ሁለታችንም አልተናገርንም። ቤት ስንደርስ ባለቤታችን ደብተሩን ዘግታ፣ «ይበቃኛል። እግዚአብሔርን ተቀይሜ አይደለም፤ ደክሞኛል» አለች። እኛም በዚያች ሰዓት፣ ሕልቃና ለሚስቱ ለሐና ከብዙ ልጆች ይልቅ እርሱ እንደሚሻላት የተናገረውን ቃል አስታወስንላት፤ ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ነግረናታል። ሐና በዚያ ቃል እንዳልተጽናናች፣ ተነሥታም ወደ ቤተ መቅደስ ሄዳ እንዳለቀሰች መጽሐፉን ስናነብ ሳናስተውለው ቀርተናል። ባለቤታችንም አለቀሰች፤ እኛም ዝም ማለትን ያን ቀን ተማርን። በማግሥቱ ለንስሐ አባታችን ስንነግራቸው ብዙ ቆይተው፣ «ለመሆኑ እንቅልፍ ትተኛላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ነገር እንመለስ። በ2018 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን የሚውለው ቅዳሜ ነው፤ ባለቤታችንም አርባ ዓመት ይሞላታል። በመጻጉዕ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «በዘንድሮው ልደታ ከዚህ ሰፈር ልጥፋ። ጓደኞቻችንን ይዘን ሁለት ቀን ወደ አንድ ሐይቅ ዳር እንሂድ» አለችን። ደስ አለን፤ ለራሷ አንድ ነገር ስትለምን ከሰማን ዘመን ሆኖናልና። ስፍራውን ቢሾፍቱ አደረግነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ነው፤ በዙሪያው እነ ሆራ፣ እነ ባቦጋያ፣ እነ ኩሪፍቱ የሚባሉ ሐይቆች አሉ፤ አንዳንዶቹም ጥንት እሳተ ገሞራ በቈፈራቸው ጕድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ከተማው ቀድሞ ደብረ ዘይት ይባል ስለ ነበር፣ «ከመጻጉዕ ቀጥሎ ደብረ ዘይት መምጣቱ እንደ ሥርዐቱ ነው» ብለን ቀለድን። የባሕረ ሐሳብን ትምህርት የቀሰመ ሰው እንደሚያውቀውም ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30ም አይወጣም፤ ስለዚህ ልደታ በየትኛውም ዓመት ከበዓለ ሃምሳ ውጭ አይውልም። ዘንድሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው፤ እንግዲህ በዋዜማው ዐርብ እንኳ ዶሮው ቢሠራ የሚከለክል የለም።

ጓደኞቻችን ሦስት ባልና ሚስት ናቸው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛና ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አብረን አለን። በመካከላቸው አምስት ልጆች አሉ፤ ከእነርሱም አንዲቱ የባለቤታችን የክርስትና ልጅ ናት። ዐሳባችንን በነገርናቸው በሳምንቱ አንዱ ወዳጃችን ደውለው፣ «መምህር፣ ተመካክረናል፤ ልጆቹን ለአያቶቻቸው ትተን እንመጣለን። በዚያ ቀን እንዳይከብዳችሁ» አሉን። እኛም ዐዋቂነታቸውን አመስግነን፣ ባለቤታችንን ሳንጠይቅ እሺ አልን።

ማታ ይህን ስንነግራት የያዘችውን ሳሕን አስቀመጠች። «እኔ ከልጆቹ ጋር የተጣላሁት መቼ ነው?» አለች። «ልጅ አልወለድኩም እንጂ ልጅ አልጠላሁም። ያቺን ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። እኔን ከምርቃት ልታሸሹኝ ብላችሁ ከልጆች አሸሻችሁኝ።» የምንመልሰው አልነበረንም። በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ በልጆች መካከል የምንውል እኛ፣ እርሷ በልጆች ድምፅ ትታመማለች ብለን መወሰናችን ድፍረት ነበር። ቀድሞ እርሷን ብቻ ወደ ሐኪም በላክን ጊዜ ያደረግነውን ስሕተት በሌላ መልክ ደገምነው፤ ያን ጊዜም አሁንም እርሷን ሳንጠይቅ ስለ እርሷ ዐወቅን። በዚያው ሌሊት ለወዳጃችን ደውለን አምስቱም እንዲመጡ ለመንናቸው። ወዳጃችንም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጂቱ ከትናንት ጀምሮ ታለቅሳለች» አሉን።

ሌላው ዐሳብ ከአንዲት እኅታችን የመጣ ነው፤ ከቢሾፍቱ ይልቅ ወደ አንድ የታወቀ ጠበል እንድንሄድና ባለቤታችን ለመጨረሻ ጊዜ እንድትጠመቅ ነበር። ባለቤታችን እጇን ይዛ፣ «እኅቴ፣ ጠበሉን አልናቅሁም፤ ገና ብዙ ጊዜ እጠመቃለሁ። ለሁለት ቀን ግን እግዚአብሔርን ምንም ሳልለምነው ላመስግነው እፈልጋለሁ» አለቻት። እኅታችንም ዐቅፋት አለቀሰች፤ ንፍሮውንም እርሷ እንደምትቀቅል ቃል ገባች። ስለ ጉዲፈቻ የሚጠይቁንም አሉ። መልካም ነገር ነው፤ ጊዜውም ሲደርስ በጸሎት እናስብበታለን። ነገር ግን ልጅ የሰው ኀዘን ማስታገሻ ሆኖ ወደ ቤት ሊገባ አይገባውም፤ በመጀመሪያ ቤቱ ከኀዘኑ ይረፍ።

የገንዘቡም ነገር ነበረ። ለአራተኛው ሙከራ ብለን ከዕቁብ ያጠራቀምነው ተቀምጦ ነበር፤ ሁለታችንም ሳንነካው ከዓመት በላይ ቆየ። በዚህ ጾም አወጣነው። ከሚበዛው የባለቤታችንን ወንድም ዕዳ ከፈልን፤ ከተረፈው ለሁለት ሌሊት የሚሆን የእንግዳ ማረፊያና አንድ ሚኒባስ ያዝን። ለሐዘናችን ብለን ያስቀመጥነውን ለደስታ ማዋል ኀጢአት ይሆንብን ይሆን ብለን ፈርተን ነበር፤ ባለቤታችን ግን የመርፌውን ሰዓት የጻፈችበትን ያንኑ ደብተር አውጥታ፣ በጀርባው በኩል ገልብጣ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ለልጆች ብርድ ልብስ እያለች ስትጽፍ ባየን ጊዜ ፍርሃታችን ተወን።

ዐሳባችን እንዲህ ነው። ዐርብ ማታ እንገባለን። ቅዳሜ ማለዳ በዚያው ከተማ ልደታን አስቀድሰን፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ንፍሮውን ከደጅ እንቀቅላለን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ወዳጃችን ይመርቃሉ፤ ባለቤታችን አስቀድማ፣ «ዕድሜና ጤና ብቻ» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። ጎረቤቶቻችንንም አልደበቅናቸውም። ወዴት እንደምንሄድ ስትነግራቸው አንዲት አሮጊት እናት ከቤታቸው አንድ ቁና ስንዴ አምጥተው፣ «ከደጃችን ባትኖሪም ከንፍሯችን ብዪ» አሏት። እንግዲህ ልትሸሻቸው የተነሣችው ስንዴያቸውን ይዛ ትሄዳለች።

መጻጉዕ በመጠመቂያይቱ ዳር 38 ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ፣ ጌታ በጠየቀው ጊዜ ያሰማው እሮሮ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ይህን ወንጌል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ዘንድሮ ግን በሌላ ጆሮ ሰማነው። እኛ በውኃው ዳር ዐሥራ አምስት ዓመት ጠብቀን የለመንነው አልተሰጠንም፤ ለምን እንዳልተሰጠን አናውቅም፤ እናውቃለን ብለንም አንዋሽም። ሰው የለንም ልንል ግን አንችልም። ለሁለት ቀን ሥራቸውን ትተው የሚመጡ፣ ሲሳሳቱም ከፍቅር የሚሳሳቱ፣ ሲታረሙም የሚታረሙ ሰዎች አሉን።

እናንተም አንባብያን ሆይ፣ በጎረቤታችሁ እንደ እኛ ያለ ቤት ቢኖር ምርቃታችሁን አትከልክሉት። ነገር ግን ከመመረቃችሁ በፊት ጥቂት አብራችሁ ተቀመጡ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ግቡ፤ የሚያሻቸውንም ራሳቸውን ጠይቋቸው። ልዑል እግዚአብሔር ለሁላችንም ዕድሜና ጤና ይስጠን፤ ለከርሞው ልደታ በሰላም ያድርሰን። አሜን።